ማሚቱን ማን ይጥራት?

 

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ስም ነው፤ ስለ ማሚቱ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ማሚቱ የምትባል አክስት፣ ጎረቤት ወይም የልጅነት ጓደኛ ያልነበረችው ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። ማሚት እንላታለን፣ ማሚቴ እንላታለን፣ ፍቅሩ ሲብስብን ደግሞ ማሚትዬ እንላታለን። ሰፈር ውስጥ ስሟን የማናውቃትን ሕፃን እንኳ «ማሚት፣ ነይ እስቲ» ብንላት ዞር ትላለች። እንግዲህ ማሚቱ የአንዲት ሴት መጠሪያ ናት፤ የትንንሽ ልጃገረዶች ሁሉ የጋራ መጠሪያም ናት። ሁለቱን በአንድ ላይ የሚሸከም ስም በቋንቋችን ብዙ የለም።

ይህን ስም የመረጥኩት ስለምወደው ነው። ስለምቆረቆርለትም ነው። ከተማችን ስሙን ወስዳ ያልተፈጠረበትን ሥራ እያሠራችው ነው፤ ወደዚያ እደርሳለሁ። አስቀድሜ ግን ስሙ ከምን እንደተሠራ ላሳያችሁ፤ ምክንያቱም በደሉም ያለው እዚያው ፍቅሩ ያለበት ቦታ ነው።

አማርኛ ትንሽ የሆነውን፣ የተወደደውንና የታዘነለትን ነገር በሴት አንቀጽ ይጠራዋል። ሰፊ ከሆነ «ቤቱ» እንላለን፤ ጠባብ ሆና ግን የራሳችን ከሆነች «ቤቷ» እንላታለን። «ይቺን ቡና ጠጥተን እንሂድ» እንላለን። «ብሯን ቆጠብ አድርጊያት» እንላለን። ብርም ቡናም በተፈጥሯቸው ሴት አይደሉም፤ ስንሳሳላቸው ነው ሴት የሚሆኑት። አያት ወንዱን የልጅ ልጇን «ማሙሽዬ፣ ነይ ጉረሺ» ስትለው ሰምታችኋል። ልጁም አይከፋውም፤ ጾታውን እንዳልተነካበት፣ እንደተወደደ ያውቃል። አባትም ሴት ልጁን ጎበዝ ስትሆንበት «ና አንተ አንበሳ» ይላታል። ቋንቋው ፍቅርን ለመናገር የራሱን ሕግ ይጥሳል፤ ሰሚውም ሕጉ የተጣሰለት ለእሱ ብቻ መሆኑን ይረዳል።

ታዲያ ይኸው የሴት አንቀጽ ለንቀትም ያገለግላል። አንድን ነገር ዋጋ ልናሳጣው ስንፈልግ «ይቺን ብሎ!» እንላለን። አፋችን ላይ ያለው ቃል ያው ነው፤ የሚለየው ተናጋሪውና ፊቱ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

የማሚቱ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢቱ» ልጅን ልጂቱ፣ ንግሥትን ንግሥቲቱ የምታደርገው ናት። ዓለም ላይ ስትገባ ዓለሚቱ ትሆናለች፤ ወርቅ ላይ ስትገባ ወርቂቱ፣ ብርቅ ላይ ስትገባ ብርቂቱ፣ ጣይ ላይ ስትገባ ጣይቱ። የሚታወቀውን ለይታ የምታመለክት ናት፤ «ያቺ የእኛዋ» እንደማለት። የስሙ መነሻ ድምፅ ደግሞ ሕፃን ከንፈሩን ገጥሞ ከሚያወጣቸው ከመጀመሪያዎቹ ድምፆች አንዱ ነው። ማማ፣ ሚሚ፣ ሚጣ፣ ማሞ፣ ማሙሽ ሁሉም ከዚያው ከንፈር ይነሳሉ። ስለዚህ ስሙ ገና አፍ ያልፈታ ልጅ ድምፅና የትልቅ ሰው ሰዋስው የተገናኙበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። በ«ቱ» የሚያልቅ የሴት ስም ሁሉ ቁልምጫ አይደለም። ደራርቱና ጫልቱ የኦሮምኛ ስሞች ናቸው፤ የመጨረሻው ድምፅ የራሱ የኦሮምኛ የሴት ምልክት ነው፣ ትርጉማቸውም ከአበባና ከመብለጥ ጋር የተያያዘ ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ዓለም የሰማው ስም ሙሉና ያልተቆረጠ ስም ነው። ይህን የማነሳው የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሌላውን ቋንቋ ስም በራሱ ሚዛን እየመዘነ ሲያሳንሰው ስላየሁ ነው።

የማሚቱ ወንድም ማሞ ነው። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶኑን ሲያሸንፍ፣ የሕፃን ስም ለብሶ ነው ወርቁን ያጠለቀው። ደራሲው ማሞ ውድነህም በዚሁ ስም ነው መጽሐፎቻቸውን ለአንባቢ ያደረሱት። ሁለቱንም ማንም አሳንሶ አልጠራቸውም። በእርግጥ ተረቱ ማሞን ማሞ ቂሎ አድርጎ ሲያስቀን ኖሯል፤ አነጋገራችንም «ማሞ ሌላ፣ መታወቂያው ሌላ» ይላል። ማሚቱን ግን ያገኛት ነገር ከተረት የከፋ ነው።

ስለ ቁልምጫ ምዕላዶች በጥቂቱ ላንሳ። ከሁሉ የሚደንቀኝ «ዬ» ነው። ሕፃኗን አልማዝዬ ያደርጋል፤ ታላቅ እህትን እትዬ፣ ታላቅ ወንድምን ጋሽዬ ያደርጋል። አንድ ንጉሠ ነገሥትን ደግሞ እምዬ አድርጓል፤ ዳግማዊ ምኒልክን ሕዝቡ በእናት ስም፣ በዚያውም በቁልምጫው ነበር የሚጠራቸው። ስለዚህ በአማርኛ ማቆላመጥ ማሳነስ ብቻ ነው የሚል ሰው እምዬን ያስታውስ። ከተማው ደግሞ በ«ኢ» ያቆላምጣል፤ መሠረት መሲ፣ ገነት ገኒ፣ ትዕግሥት ቲጂ ትሆናለች። ይህ ፈጣን ነው፣ ለስልክም ይመቻል። የገጠሩ ቁልምጫ ግን ዝግ ይላል፤ አይቸኩልም። ለእኔ ጆሮ ማሚትዬን የሚያህል የለም።

አሁን ወደ ስም አሰጣጣችን ልግባ፤ ማሚቱ በየትኛው ክፍል እንደምታድር እንድናይ።

በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ የተወለደች ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል ወይም ሌላ የክርስትና ስም ትቀበላለች። ይህ ስም የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ካህኑ ለጸሎት ያነሳዋል፣ ጎረቤት አያውቀውም። ሁለተኛው የመጠሪያ ስሟ ነው። ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ መልእክት አለው። አስናቀች፣ በላይነሽ፣ ብዙነሽ፣ የሺእመቤት የሚሉ ስሞች ወላጅ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ አንዳንዴም ለባላንጣ የሚናገርባቸው ስሞች ናቸው። ልጅቱ ገና ሳትቆም የቤተሰቡን ነገር ተሸክማ ትሄዳለች። ሦስተኛው የቤት ስሟ ነው፤ ማሚቱ ያለችው እዚህ ነው። ይህ ስም ለማንም መልእክት አያደርስም። ከልጅቱ የሚጠብቀው ነገር የለም። በላይነሽ የተባለች የበላይ እንድትሆን ይጠበቅባታል፤ ማሚቱ የተባለች ግን መኖሯ ብቻ በቂ ነው። ከስሞቿ ሁሉ ሸክም የሌለበት ይኸኛው ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ሴት ልጅ ስታገባ ደግሞ በብዙ የሰሜን ገጠሮች አማቷ ሌላ ስም ታወጣላት ነበር። በአዲሱ ቤት የምትጠራው በዚያ ነው። ያኔ የቤት ስሟ ከእናቷ ጎጆ ይቀራል፤ የሚያውቀው ወንድሟ፣ እህቷ፣ አብሮ አደጓ ብቻ ይሆናል። የእኔ አያት እንዲህ ነበረች። በባሏ ቤት የአማቷ ስም፣ በቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስሟ፣ በዕድር መዝገብ የመጠሪያ ስሟ ነበራት። ማሚት የሚላት አንድ ታላቅ ወንድሟ ብቻ ነበር። ሽበታም ሽማግሌ ሆኖ፣ በዓመት አንዴ ለጥምቀት ከገጠር ሲመጣ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ማሚት! የለሽም እንዴ?» ሲላት እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር፤ አያታችን እንደ ልጅ ስትጠራ አይተን ስለማናውቅ። እርሷ ግን ነጠላዋን እያስተካከለች ስትወጣ አረማመዷ ይለወጥ ነበር። ወንድሟ ሲሞት ለቅሶው ላይ ደጋግማ ያለችው «እንግዲህ ማሚት የሚለኝ ማን አለ?» የሚለውን ነበር። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ፤ የቁልምጫ ስም የሚጠራበትን ሰው ብቻ የሚመለከት ነገር አይደለም፣ የመጥራት መብት ያለው ሰው አለው። ያ ሰው በፍቅር ወይም አብሮ በማደግ ያገኘው መብት ነው። ሌላው ሰው ስሙን ቢሰማውም አያገኘውም።

አንዳንዴ ግን የቤት ስሙ ከቤት ይወጣል። ልጅቱ ሌላ ስም ይወጣላታል ሲባል ዓመታት ያልፋሉ፤ ትምህርት ቤት ስትመዘገብ መምህሩ «ስምሽ ማነው?» ይላታል፤ «ማሚቱ» ትላለች፤ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ሰርተፊኬቱም፣ የጋብቻ ወረቀቱም፣ ፓስፖርቱም ማሚቱ ይላል። እንዲህ ሲሆን አማርኛ አንድ ውብ ነገር ያደርጋል። ሕፃንነቱን ከስሙ አያወጣም፤ ክብሩን በግሱ ላይ ይጨምራል። «እትዬ ማሚቱ መጡ»፣ «ወይዘሮ ማሚቱ ፈረሙ» እንላለን። ስሙ ልጅ ነው፣ ግሱ አንቱታ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የእናቷ ልጅም፣ የሰፈሩ ባልቴትም ሆና ትቆማለች። የሌላው ዓለም ቋንቋ ይህን እንዴት እንደሚለው አያስጨንቀኝም፤ የእኛው እንዲህ ይለዋል።

የቁልምጫ ስም ይዞ ትልቅ ሥራ መሥራት ለሀገራችን ሴቶች አዲስ አይደለም። የወሎዋ ገዥ ወርቂቱ በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ መንገዱን ከፍታ አሳልፋዋለች፤ በዚህ የተነሳ አፄ ቴዎድሮስ በእጃቸው የነበረውን ልጇን ገድለውባታል። ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ወርቅ የመሰለች ትንሽ ልጅ ያስባል። እቴጌ ጣይቱም እንዲሁ ናቸው። ጣይ ማለት ፀሐይ ነው፤ ጣይቱ የቤቱ ፀሐይ፣ ያቺ የኛዋ ፀሐይ ናት። ሲነግሡ ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚል የማዕረግ ስም ተሰጣቸው፤ ትርጉሙ ከመጀመሪያው ብዙም አይርቅም፣ ልብሱ ብቻ ነው የተቀየረው። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣሊያንን ጦር የውኃ ምንጭ ያስያዙት፣ ወደ አድዋም የዘመቱት በዚሁ የሕፃንነት ስም ነው። ሕዝቡም እስከ ዛሬ የሚያስታውሳቸው በእናታቸው ቤት ስም እንጂ በዘውድ ስማቸው አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ልናገርላቸው የምፈልገው ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ነው። ስማቸውን እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙት፤ የራሳቸው ስም ልጅን ማቆላመጫ ነው፣ የአባታቸው ስም ደግሞ ታላቅን ማክበሪያ። በልጅነታቸው ተዳሩ። ለአቅመ እናትነት ሳይደርስ የፀነሰ ሰውነት የሚያጋጥመው ነገር አጋጠማቸው፤ ምጡ ለቀናት ጸና፣ ልጃቸውም ሞተ። እንዲህ ያለ የተራዘመ ምጥ የሚያደርሰውን እንወቀው፦ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቱን ሥጋ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፣ ደም ይቋረጣል፣ የተጨቆነው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይተዋል። ከዚያ በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ሴቶች በዚህ የተነሳ ከባላቸው ተፈትተዋል፣ ከቤት ተለይተው ተቀምጠዋል።

ወይዘሮ ማሚቱ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ፣ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ደረሱ። እዚያ የነበሩት ሐኪሞች ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ባልና ሚስት፣ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን ናቸው። ታካሚዋ ልጅ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀደደች፣ ተሰፋች፤ ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። ወደ መንደሯም አልተመለሰችም። አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፣ ሌሎች በሽተኞችን ማጽናናት ጀመረች፣ ከዚያ በቀዶ ሕክምናው ክፍል መሣሪያ ማቀበል። ፊደል አልቆጠረችም ነበር። በዓይኗና በእጇ ተማረች። ሃምሊኖቹም የእጇን ጽናት አይተው ራሷ እንድትሰፋ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሲቋቋም ማሚቱ የሥራው አካል ነበረች። ከውጭ ሀገር የሚመጡ ባለዲግሪ ቀዶ ሐኪሞች የዚህን ቀዶ ሕክምና አሠራር ከእርሷ አጠገብ ቆመው ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሃምሊኖቹና ለእርሷ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቢቢሲ ከዓመቱ 100 ሴቶች አንዷ አድርጎ መረጣቸው።

መሃል ላይ እርሷ እያልኩ ቆይቼ መጨረሻ ላይ እርሳቸው ማለቴን ሰምታችኋል። የሕይወታቸው መንገድ ራሱ እንዲህ ነው የሚያስኬደው። ልጂቱ ማሚቱ በቃሬዛ ገባች፤ ወይዘሮ ማሚቱ ቀዶ ሐኪም ሆነው ኖሩ። በዚህ ሁሉ መካከል ስማቸው አልተለወጠም፤ ከመንደር ይዘውት የመጡት ስም ነው ለንደን ድረስ የተሰማው። ምጥ የጎዳት፣ ማሚቱ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከቃሬዛ ላይ ቀና ብላ ሐኪሟን «ማን ይባላሉ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ «እኔም ማሚቱ እባላለሁ» የሆነበት ቀን ሳይኖር አይቀርም። ያቺ ልጅ ከዚያ ስም ምን እንደምትሰማ አስቡት።

በሩጫው ዓለምም ማሚቱ ዳስካ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የፍራንክፈርት ማራቶንን አሸንፋለች። ስሙ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ ብቻም አይደለም፤ ኦሮሞ ቤትም አማራ ቤትም ማሚቱ ተወልዳለች።

እንግዲህ ወደሚያመኝ ክፍል ልምጣ።

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ «ማሚቴ» ስትሉ አብዛኛው ወጣት የሚረዳው ስለ ቤት ሠራተኛ ነው። የአንዲት ሠራተኛ ስም ሆኖ ሳይሆን የሁሉም። «ማሚቴ ነው የምትመስዪው» ማለት አለባበስሽ አላማረም፣ ከገጠር የመጣሽ ትመስያለሽ ማለት ሆኗል። በኮሜዲ ላይ ድምፅዋን ቀጭን አድርጋ፣ ሻሿን አጣማ የምትገባው ገጸ ባሕርይ ስሟ ሳይነገር ማሚቴ ናት። ሰው ይስቃል። በዚያ ሰዓት ማሚቱ የተባለች ተማሪ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣለች። ማሚቱ የተባለች ሠራተኛም ማድ ቤት ሆና ሳቁን ትሰማለች።

ይህ እንዴት ሆነ? መነሻው ክፋት አይመስለኝም። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጅ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት ትቀጠራለች። እመቤቲቱ ልጅነቷን አይታ «ማሚት፣ ውኃ አምጪ» ትላታለች። ይህ በራሱ ደግነት ሊሆን ይችላል፤ ልጅን ልጅ ብሎ መጥራት ነው። ነገር ግን ልጅቱ ስም አላት። ደላላው ይዟት ሲመጣ ተናግራው ይሆናል፤ ማንም አልያዘውም። ስሟ ከቤቱ ልጅ ስም ጋር አንድ ከሆነም የሚቀየረው የእርሷ ነው፤ ለሁለት ሄለን ቦታ የለም ይባላል። ጫልቱ ተብላ የመጣችውማ ስሟ «አይመችም» ተብሎ በመጀመሪያው ቀን ይወሰድባታል። ለዓመታት ማሚት ስትባል ኖራ፣ ስትሄድ ሌላዋ ትመጣለች፤ እርሷም ማሚት ትሆናለች። ስሙ ከሰው ወደ ሥራ መደብ ተዛወረ ማለት ነው። ሴትዮዋ ብትቀየርም መጠሪያው ባለበት ይቆያል፤ እንደ ደንብ ልብስ።

ቅድም «ይህን ነጥብ ያዙልኝ» ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ቋንቋው አልተቀየረም። ወንድም ከደጃፍ ቆሞ «ማሚት!» ሲልና እመቤት ከሳሎን ሆና «ማሚት!» ስትል ፊደሉ አንድ ነው። የመጀመሪያው ሰው ሌሎቹን ስሞቿን ሁሉ ያውቃል፤ አውቆ፣ ከሁሉም ውስጥ ይህን ይመርጣል። ሁለተኛዋ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው። ቁልምጫ የሙሉ ስም ታናሽ እንጂ ምትክ አይሆንም፤ ሙሉ ስሙ በሌለበት ቤት ማቆላመጥ የለም፣ ስም መንጠቅ ብቻ ነው ያለው። ይህን በጽኑ አምናለሁ።

ሕጉም ይህችን ሰው በስሟ አላወቃትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጪ አድርጎ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። በፋብሪካ የምትሠራ ሴት የሥራ ሰዓቷን፣ የዓመት ፈቃዷን፣ የወሊድ ፈቃዷን ከአዋጁ ታነባለች፤ ቤት ውስጥ የምትሠራዋ ግን ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ሥራዋ ያለ ጽሑፍ ውል በቃል የሚያልቅ ስለሆነ ሙሉ ስሟ የሚጻፍበት ወረቀት እንኳ ላይኖር ይችላል። ውል ቢኖር፣ ከደመወዙ በፊት የሚጻፈው የመጀመሪያው ነገር ስም ከነአባት ነው። ስለ ስም ስናገር ስለ ደመወዝም እየተናገርኩ እንደሆነ ይታወቅልኝ።

ነገሩ ድንበር ሲሻገር ደግሞ ይብሳል። ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤይሩት ከሄዱት እህቶቻችን መካከል ለቪዛ ሲባል የክርስቲያን ስማቸው በሙስሊም ስም ተቀይሮ ፓስፖርት የወጣላቸው ብዙዎች ናቸው። ደላላው የሰጣቸውን ስም አጥንተው፣ በኬላው ላይ በዚያ ስም «አቤት» ብለው ያልፋሉ። እዚያም አሠሪዋ ሌላ ስም ልታወጣላት ትችላለች። ማታ ግን፣ ሥራ ሲያልቅ፣ በኢሞ ደውላ እናቷን ስታገኝ የምትሰማው የቤት ስሟን ነው። የእጅ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ የእናቷ ማሚት ናት። እንዲህ ላለች ሴት የቁልምጫ ስም ጌጥ አይደለም፤ ከራሷ ጋር የሚያገናኛት የቀራት ገመድ ነው።

በእስራኤልም የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ሲደርሱ ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። መዝጋቢው አንድ ስም ጻፈ፣ መምህሯ አንድ ስም ጠራች፤ አያት ግን የልጅ ልጇን በአማርኛ ወይም በትግርኛ ቁልምጫ መጥራቷን አልተወችም። ዛሬ ከነዚያ ልጆች መካከል አድገው ወደ ኢትዮጵያዊ ስማቸው የተመለሱ አሉ። በአሜሪካ ያደጉትን ደግሞ ብታዩ፣ አማርኛ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚከብዳት ልጅ ታናሽ እህቷን «ሣራዬ» ትላታለች። ቋንቋው ሁሉ ሲሸሽ «ዬ» ቀርታለች። ይህ ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው።

ምን ይደረግ ለምትሉኝ የምለው ከባድ ነገር አይደለም። ቤታችሁ የገባችን ልጅ በመጀመሪያው ቀን ስሟን ከነአባቷ ጠይቋት፤ ጻፉት፤ ልጆቻችሁም በዚያ ይጥሯት። በሦስተኛው ወር ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ ወዳጅነት ሲመጣ፣ እናቷ ቤት ማን ይሏት እንደነበር ጠይቋት። ፈቅዳ ከነገረቻችሁ ያን ጊዜ ጥሯት። መምህራን፣ በክፍላችሁ ማሚቱ የምትባል ተማሪ ካለች ስሟ ሲጠራ የሚስቀውን አትለፉት፤ ስለ ቀዶ ሐኪሟ ንገሩት። የኮሜዲ ደራሲዎችም ካላችሁ መካከላችን፣ ለዚያች ሻሿን አጣማ ለምትገባው ገጸ ባሕርይ ስም ስጧት፤ የአባት ስምም ጨምሩላት፤ ከዚያ ምን እንደምትናገር ራሷ ታሳያችኋለች። ስማችሁ ማሚቱ ሆኖ ለሥራ ስታመለክቱ «ሌላ ስም የለሽም?» የተባላችሁ ደግሞ፣ ፍርድ ቤት ሄዶ ስም ማስቀየር መብታችሁ ነው፤ ያለማስቀየርም መብታችሁ ነው። ብትጠይቁኝ አታስቀይሩት እላለሁ።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ከጥያቄው በፊት ግን፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ፣ ከእናንተ መካከል በዚህ ስም የምትጠሩ ካላችሁ ስሙን ማን እንዳወጣላችሁና ዛሬ ማን እንደሚጠራችሁ ብትነግሩን ደስ ይለኛል።